በመኪናዬ ናይሮቢ ለመቆየት የመድኑን ጉዳይ እንዴት ጨረስኩት

ለሥራ ናይሮቢ ለወራት ስለምቆይ መኪናዬን በሞያሌ በኩል ይዤ ለመሄድ ወሰንኩ። የአገር ውስጡ የሦስተኛ ወገን መድን ከድንበር ወዲያ አይሠራም፤ ለዚህ የተዘጋጀው የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ነው። ኢትዮጵያም ኬንያም በሥርዓቱ ውስጥ ስላሉ ካርዱን የሚሰጠኝ አዲስ አበባ ያለው መድን ሰጪዬ ነው።

ያስቸገረኝ ጊዜው ነበር። ካርዱ ራሱን የቻለ ውል አይደለም፤ ዋናው ውል ሲያበቃ እርሱም ያበቃል። የእኔ ውል ደግሞ በቆይታዬ አጋማሽ ላይ ያልቅ ነበር። ሠራተኛዋ «እዚያ ሆነው ያድሱታል» አሉኝ፤ እኔ ግን በሰው አገር መንገድ ላይ ጊዜው ያለፈበት ካርድ ይዤ መገኘትን አልፈለግኩም። ዋናውን ውል ቀድሜ አሳደስኩ፤ ላልተጠቀምኩበት ጊዜ የከፈልኩት አረቦን እንዲታሰብልኝ ጠየቅኩ፤ ካርዱም በአዲሱ ውል ቁጥር ተጻፈልኝ።

ከዚህ የሚብሰው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ነው። ቢጫ ካርዱ በሌሎች ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለራስ መኪና ጥገና አይከፍልም። ሙሉ ሽፋን ቢኖረኝም በኢትዮጵያ ክልል ብቻ የተወሰነ ነበር። ስለዚህ ኬንያን እንዲጨምር በተጨማሪ ክፍያ ውሉን አሻሻልኩ፤ ማሻሻያውንም በጽሑፍና በማኅተም ተቀበልኩ። ኬንያ የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ መሪው በግራ ባለ መኪና ከፊት ያለውን ከባድ መኪና መቅደም እጅግ ያሰጋል፤ ለዚህ ሽፋን መክፈል ፈጽሞ አይቆጭም።

በመጨረሻ በካርዱ ላይ ያሉትን የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር አመሳክሬ ተነሣሁ።