ብርዱ አልለቅ ሲል የቲማቲም ችግኝ እንዴት ይያዛል?

ሱሉልታ ላይ ጓሮ ያለው ሰው ያውቀዋል። መሀል አዲስ አበባ ሰው ሹራቡን ሲያወልቅ፣ እኛ ጋ ገና ጎመኑ ላይ አመዳይ ያድራል። ውርጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። አንዳንድ ዓመት ግን የካቲትንም ይዞ ይዘልቃል። የበልጉም ዝናብ ይዘገያል። እኔ ባለፈው ዓመት ቸኩዬ ከ40 የቲማቲም ችግኝ 37ቱን በአንድ ሌሊት አጥቻለሁ።

1. ዘሩን ቤት ውስጥ ጀምሩ

ባዶ ሃይላንድ ከላይ ቆርጣችሁ ሥሩን ብሱት። ግማሽ አፈር፣ ግማሽ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ሙሉበት። ለችግኝ የሚሸጡትን ጥቁር ትሪዎች እኔ አልወዳቸውም። ጥልቀት የላቸውም፤ ብርዱ ሲራዘምና መትከያው ሲዘገይ ሥሩ ይታፈናል።

የቲማቲም ዘር ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሲያገኝ ቶሎ ይበቅላል። ከ10 በታች ግን አፈር ውስጥ ተቀምጦ ይበሰብሳል። ስለዚህ ኩሽና ውስጥ አሳድሩት። ብቅ ሲል ወዲያው ወደ መስኮት ውሰዱት።

2. ከውጭው አየር ጋር አላምዱት

ለአንድ ሳምንት ቀን ቀን አውጡት፣ ማታ አስገቡት።

3. ቀኑን ሳይሆን ሌሊቱን አይታችሁ ትከሉ

እኔን የጎዳኝ እዚህ ላይ ነው። የካቲት መጀመሪያ ላይ አራት ቀን በተከታታይ ሞቀና «በቃ፣ ብርዱ ወጣ» ብዬ ተከልኩ። ማታ ለጥንቃቄ ብዬ ላስቲክ ቅጠሉ ላይ ጣል አደረግኩበት። ጠዋት ሳየው ላስቲኩ የነካው ቅጠል ሁሉ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት መስሏል። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ግንዱም ተኛ። አጠገባችን ያሉ አባት መጥተው አዩና «ልጄ፣ ማታ ሰማዩን አላየኸውም?» አሉኝ። አላየሁትም ነበር።

ደመና ካለ መሬቱ ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከቡ ከበዛ፣ ነፋሱም ማምሻውን ቀጥ ካለ ሙቀቱ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ውርጭ ጠብቁ። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ነው። እንደ ውሃ ከእንጦጦ ጀርባ ቁልቁል ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ጓሯችሁም ውስጥ መጀመሪያ የሚመታው ዝቅ ያለው ቦታ ነው። ቲማቲሙን ከፍ ወዳለው በኩል አድርጉት። የከሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ የድንጋይ ወይም የብሎኬት አጥር ካለ ሥሩ ትከሉ፤ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልሳል።

መትከያው መድረሱን ለማወቅ ማታ ማታ በዝርግ ሳህን ትንሽ ውሃ ውጭ አሳድሩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት በረዶ ካልያዘ ትከሉ። እስከዚያ መደቡ ባዶ አይዋል። ጎመን፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ ቀለል ያለ ውርጭ ይችላሉ።

4. ከተከላችሁ በኋላ ውርጭ ከመጣ

ከሰዓት በኋላ አፈሩን አጠጡት፤ ርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ቅጠሉን ግን አታርጥቡ። ዙሪያውን ከችግኙ የሚረዝም እንጨት ተክላችሁ በላዩ አሮጌ አንሶላ ወይም ጆንያ ዘርጉ። ጨርቅ ከላስቲክ ይሻላል፤ የትኛውም ቢሆን ግን ቅጠል እንዳይነካ። ጫፉ መሬት ይድረስ፣ ድንጋይ ይጫንበት። ይህን ሁሉ ፀሐይ ሳትገባ፣ 11 ሰዓት ላይ ጨርሱ። መሬቱ ከቀዘቀዘ በኋላ መሸፈን ብዙም አይረዳም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ግለጡት።

5. ከተመታ

አትንቀሉት። የጠቆረውንም ቶሎ አትቁረጡ። አንድ ሳምንት ጠብቁና ግንዱን በጥፍር ጫር አድርጋችሁ እዩ። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። የእኔ ሦስቱ ከሥራቸው አቆጥቁጠው ሰኔ ላይ ፍሬ ያዙ።