ጂአርኢ ላይ ነጥብ የሚያስጥሉ ስህተቶች

ጂአርኢ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለድኅረ ምረቃ መግቢያ የሚቀበሉት፣ ሒሳብ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ድርሰት ያለው ፈተና ነው። የሒሳቡ ይዘት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አያልፍም፤ ትሪጎኖሜትሪም ካልኩለስም የለበትም። እንዲያም ሆኖ ኢንጂነሪንግ የጨረሰ ሰው ሳይቀር ነጥብ ይጥልበታል። ብዙ ተፈታኝ የሚዘጋጀው እንደ ሴሚስተር ፈተና ምዕራፍ እየጨረሰ ነውና፣ የቱን ጥያቄ ልሥራ፣ የቱን ልዝለል፣ የቱን ልጠርጥር የሚለውን ውሳኔ ሳይለማመድ ይገባል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

ባረጀ መጽሐፍ ሰዓት መለካት

ፈተናው እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2023 ወዲህ አጥሯል። ቀድሞ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይፈጅ የነበረው አሁን በ1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ያልቃል። ሁለት የነበረው ድርሰት አንድ ሆኗል፤ በመሐል የነበረው የ10 ደቂቃ እረፍትም ቀርቷል። ከጓደኛ የተወረሰ መጽሐፍ ይህን ላይነግራችሁ ይችላል። የሒሳቡና የቋንቋው ጥያቄ ዓይነት ስላልተቀየረ መልመጃዎቹን ሥሩባቸው፤ የሰዓት አከፋፈሉን ግን እርሱት።

«መጀመሪያ ትምህርቱን ልጨርስ» ማለት

ይህን የሚል ሰው ሞዴል ፈተና የሚቀመጠው ዋናው ፈተና ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ነው። ድክመቱን ሲያውቅ ማረሚያ ጊዜ የለውም። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ ፓወርፕሬፕ በሚባለው ገጹ ነጻ ሞዴል ፈተናዎች አሉት። አንዱን ምንም ሳታጠኑ፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ ሳታቋርጡ ሥሩ። ውጤቱ ቢያሳፍርም የሚያየው የለም።

ተቃራኒውም ስህተት አለ። ነጻዎቹ ጥቂት ስለሆኑ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም የሚጨርስ ሰው ወደ ማብቂያው ራሱን የሚለካበት ያጣል። ቢያንስ አንዱን ለመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት አስቀሩ።

መልሱን አይቶ ማለፍ

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ተፈታኙ ሃያ ጥያቄ ይሠራል፣ መልሱን ያመሳክራል፣ ስድስት ስቷል፤ ማብራሪያውን ያነብና «አዎ፣ ገብቶኛል» ብሎ ወደ ሌላ ሃያ ይሄዳል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያንኑ ዓይነት ጥያቄ እንደገና ይስታል። የሌላ ሰው አሠራር ሲነበብ ሁሌም ቀላል ነው፤ ባዶ ወረቀት ላይ በራስ መጀመር ግን ሌላ ነገር ነው።

የስህተት መዝገብ ያዙ። አንድ ደብተር ይበቃል። ግን «በጥድፊያ ነው» ብላችሁ አትጻፉ፤ እንዲህ ያለው ምክንያት ምንም አያስተምርም። ለምሳሌ ጥያቄው፣ አንድ ቁጥር ከ40 ወደ 50 ሲያድግ ጭማሪው ስንት በመቶ ነው የሚል ይሁን። 20 በመቶ ብላችሁ ሳታችሁ። መዝገቡ ላይ የሚገባው፣ «ጭማሪውን 10 ማካፈል የነበረብኝ ለመነሻው 40 ነበር፤ እኔ ለ50 አካፈልኩ። ትክክሉ 25 በመቶ። የመቶኛ ጥያቄ ሳይ መጀመሪያ መነሻው የቱ እንደሆነ አሰምርበታለሁ» የሚል ነው። ከሳምንት በኋላ ማብራሪያውን ሸፍናችሁ ጥያቄውን እንደገና ሥሩት። ካቃታችሁ ያን ጊዜም አልገባችሁም ነበር ማለት ነው።

በግምት ያገኛችሁትንም መዝግቡ። በዕድል የተገኘ ትክክለኛ መልስ በፈተናው ቀን አብሯችሁ አይገባም።

አንድ ጥያቄ ላይ ሙጭጭ ማለት

የሒሳቡ የመጀመሪያ ክፍል 12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ ነው፤ ሁለተኛው 15 ጥያቄ በ26 ደቂቃ። የቋንቋው 12 በ18፣ ከዚያ 15 በ23። ሒሳብ ላይ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይደርስም። አንዱ ላይ አምስት ደቂቃ የቆየ ሰው የሦስት ጥያቄ ሰዓት ያህል በልቷል፤ ያ ከባድ ጥያቄ ግን በዚያው ክፍል ካለው ከቀላሉ የበለጠ ነጥብ አያስገኝም።

በአንድ ክፍል ውስጥ እስካላችሁ ድረስ ጥያቄውን ምልክት አድርጋችሁ ዘልላችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብም የለም፤ ስለዚህ ባዶ ትቶ መውጣት ነጥብ መጣል ነው። ስትዘሉም ግምታችሁን ሞልታችሁ ዝለሉ፤ ለመመለስ ጊዜ ላይኖር ይችላል።

የሁለተኛው ክፍል ክብደት የሚወሰነው በመጀመሪያው ክፍል ውጤታችሁ ነው። ይህን የሰማ ሰው አንዳንዴ ሌላ ወጥመድ ውስጥ ይገባል፤ ሁለተኛው ክፍል ሲከብደው «አበላሸሁ» ብሎ ይደነግጣል። የከበደውም በመጀመሪያው ጥሩ ስለሠራ ሊሆን ይችላል። ቀለለኝ ከበደኝ እያሉ መቁጠሩን ትቶ ፊት ለፊት ያለውን ጥያቄ መሥራት ይሻላል።

ቁጥር ሁሉ 1፣ 2፣ 3 ይመስል መሥራት

ጂአርኢ ሁለት መጠን ሰጥቶ የቱ ይበልጣል የሚልበት የጥያቄ ዓይነት አለው። ምርጫዎቹ ሁልጊዜ አራት ናቸው፦ ኤ ይበልጣል፣ ቢ ይበልጣል፣ እኩል ናቸው፣ በተሰጠው መረጃ መወሰን አይቻልም። ለምሳሌ ኤ የኤክስ ስኩዌር፣ ቢ ኤክስ ራሱ ይሁኑ፤ ስለ ኤክስ ሌላ የተባለ ነገር የለም። ብዙ ሰው 2 ያስገባል፤ 4 ከ2 ይበልጣል፤ ኤ ብሎ ያልፋል። 1/2 ቢያስገባ ኖሮ 1/4 ያገኝና ቢ ይበልጥ ነበር፤ 0 ቢያስገባ ደግሞ እኩል ይሆናሉ። መልሱ አራተኛው ነው።

ስለዚህ ልማዱ ይኼ ይሁን፦ መጀመሪያ የሚመቻችሁን ቁጥር አስገቡ፣ ቀጥላችሁ የመጀመሪያውን መልስ ለማፍረስ ዜሮ፣ አሉታዊ ቁጥር፣ ከ1 ያነሰ ክፍልፋይ ሞክሩ። ጥያቄው «ኤክስ ከ1 ይበልጣል» ካለ ግን እነዚህ ሁሉ ይወድቃሉና ኤ ትክክል ነው። የተሰጠውን ገደብ ሳያነቡ ወደ ስሌት መሮጥም የዚሁ ስህተት ወንድም ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ካልኩሌተር ከዚህ አያድናችሁም፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ስሌቱን እስከ መጨረሻ መሥራት እንኳ አይፈልግም። ሥዕሉንም በዓይን አትመኑ፤ የጂኦሜትሪ ሥዕሎች የግድ በልኬት የተሳሉ አይደሉም።

ቃላት ሸምድዶ ዓረፍተ ነገሩን መርሳት

ቃላት ማጥናት ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የዓረፍተ ነገርን ባዶ ቦታ ለመሙላት ከስድስት ቃላት ሁለት በሚመረጡበት ጥያቄ ላይ ወጥመዱ ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸው፣ ለዓረፍተ ነገሩ ግን የማይሆኑ ጥንዶችን ማስቀመጥ ነው። ምርጫዎቹን ከማየታችሁ በፊት ባዶ ቦታው ላይ የራሳችሁን ቃል አስገቡ፤ ከዚያ እሱን የሚመስሉትን ፈልጉ። አንዱን አግኝቶ ሌላውን የሳተ ግማሽ ነጥብ እንደማያገኝም እወቁ።

ድርሰቱን መናቅ

30 ደቂቃ ነው፤ የሚታረመው ከ0 እስከ 6። የምትጽፉበት ሶፍትዌር የፊደል ግድፈት አያርምም። ስልክና ኮምፒውተር እያረመለት የኖረ ሰው ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ እዚያው ሲደርስ ነው። ማረሚያውን አጥፍታችሁ ጥቂት ጊዜ ጻፉ፤ መጨረሻ ላይ ለንባብ ጥቂት ደቂቃ አስተርፉ።

የፈተናውን ቀን ለዕድል መተው

ስማችሁ በምዝገባውና በመታወቂያው ላይ አንድ መሆን አለበት። የእኛ ስም በላቲን ፊደል አንዴ በአንድ፣ ሌላ ጊዜ በሁለት ፊደል ስለሚጻፍ ከመመዝገባችሁ በፊት ፓስፖርታችሁን እያያችሁ ሙሉ።

ቤት ሆናችሁ የምትፈተኑ ከሆነ ተራ ወረቀት አይፈቀድም፤ የሚፈቀደው ትንሽ ዋይት ቦርድ ወይም በሚጠፋ ማርከር የሚጻፍበት ላስቲክ ነው። ወራት ሙሉ በደብተር የለመደ እጅ ዋይት ቦርዱ ላይ ቦታ ያጥረዋል። ስለዚህ መልመጃውንም በዚያው ሥሩ።

ደንግጦ ውጤት መሰረዝ

ሲያልቅ ውጤቱን ልሰርዝ ወይስ ይመዝገብልኝ የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ የምትወስኑት ውጤቱን ሳታዩ ነው። ከፈተና የወጣ ሰው ስሜት ደግሞ ክፉ ዳኛ ነው። ለዩኒቨርሲቲ የትኛውን ፈተና እንደምትልኩ መምረጥ ስለምትችሉ ለመሰረዝ የሚያበቃ ምክንያት እምብዛም የለም። እዩትና ቀጥሎ ወስኑ። ዳግም ለመፈተን 21 ቀን መጠበቅ ግድ ነው፤ ኦፊሴላዊው ውጤት ለመውጣት ከ8 እስከ 10 ቀን ይወስዳል፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚሄድበትም ጊዜ አለ። የመጀመሪያውን ፈተና ከማመልከቻው ቀነ ገደብ ሁለት ወር ቀደም አድርጎ የቆረጠ ሰው ለሁለተኛው በቂ ጊዜ ይኖረዋል።