ነዳጅ ሲሰጡት ይጮኻል እንጂ አይሄድም? ዘይቱን እዩት

የሞተር ሳይክላችሁን የፍሪሲዮን ካቮ (ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚለየው ነው) ልክ አስተካክላችኋል፣ የዘይቱን መጠን ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ለክታችኋል፣ ሰንሰለቱንም አይታችኋል ብዬ ነው የምጽፈው። ያላየ መጀመሪያ አይቶ ይምጣ።

ሰው ሱቅ ገብቶ «የሞተር ሳይክል ካምቢዮ ዘይት ስጠኝ» ሲል ሁሌ እሰማለሁ፤ የማርሽ ሳጥኑን ማለቱ ነው። እንደ ቦክሰር ባሉት ባለ አራት ምት ሞተሮች ላይ ለካምቢዮ ለብቻው የሚገባ ዘይት የለም። ፒስቶኑንም ፍሪሲዮኑንም ማርሾቹንም የሚያለሰልሰው ያው አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ነው። ወደ ጋራዥ ከሚመጣው የካምቢዮና የፍሪሲዮን ስሞታ አብዛኛው የሚጀምረው ይህን ካለማወቅ ነው።

ምልክት፦ ድምፁ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ይቀራል

ሜዳ ላይ ምንም አይመስልም። ሞተሩ ሲሞቅ፣ ጭነት ሲኖር፣ ዳገት ሲመጣ ነው የሚጋለጠው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሰው ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ 2,700 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የታመመ ፍሪሲዮን እዚያ መንገድ ላይ መደበቅ አይችልም። ቤታችሁ አጠገብ ለመፈተን ሞተሩ ሲሞቅ በመጨረሻው ማርሽ በ40 ወይም በ50 ኪሎ ሜትር ሂዱና ነዳጁን በአንዴ ክፈቱት። ድምፁ ቀድሞ ጮኾ ፍጥነቱ ቆይቶ ከተከተለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው «ሸራው አልቋል» ይላል፤ ሸራ የሚሉት ፍሪሲዮኑ ውስጥ በሰበቃ የሚይዘውን ዲስክ ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። በጣም ብዙ ጊዜ ግን ሸራው ደህና ሆኖ ዘይቱ ነው የመኪና።

የመኪና ፍሪሲዮን ደረቅ ነው፣ ዘይት አይነካውም። የሞተር ሳይክሉ ግን ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። የመኪና ዘይት አምራቾች፣ በተለይ እንደ 5 ደብሊው 30 ባሉት ቀጫጭኖቹ ላይ፣ ነዳጅ እንዲቆጥብ ብለው ሰበቃ የሚቀንስ ኬሚካል ይጨምራሉ። ለመኪናው ጥሩ ነው። የእኛ ሸራ ግን የሚይዘው በሰበቃ ነው፤ እሱን ወስደውበት ምን ይያዝ? ጃፓኖች ለዚህ ሲሉ በ1998 ጃሶ ቲ 903 የሚባል ደረጃ አወጡ። ኤም ኤ የተባለው ፍሪሲዮን የሚያስይዝ ነው። ኤም ቢ የሚያንሸራትት ሲሆን የተሠራው ፍሪሲዮናቸው ደረቅ ለሆነ ስኩተሮች (ትናንሽ ማርሽ አልባ ሞተሮች) ነው። በ2006 ኤም ኤ ራሱ ለሁለት ተከፈለ፤ ከሁለቱ የበለጠ የሚያስይዘው ኤም ኤ 2 ነው።

አንድ የመሥሪያ ቤት ሞተር መጣልኝ። በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ ሸራ ተቀይሮለት አሁንም ይንሸራተታል። የቀየረው ሰው ሁለቱንም ጊዜ ከመኪናው የተረፈውን ዘይት ነበር መልሶ የሞላበት። ሁለተኛው ላይ ብሶበት ሸራውን ከሚጫኑት የፍሪሲዮን ሞላዎች ሥር ሮንዴላ ጨምሯል። ይህን አታድርጉ! ማንሻው እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ካቮው ይበጠሳል፣ መንሸራተቱም አይቆምም። ሮንዴላውን አውጥቼ ዘይቱን ብቻ ቀየርኩት። ሸራውን አልነካሁትም፤ ሰውየው ዳገቱን ወጣ።

ሌላው የጨንቻ ፖም በኬሻ የሚያወርድ ልጅ ነው። ዘመዱ ከዱባይ ያመጣለትን እጅግ ውድ የመኪና ዘይት ሞልቶ «ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?» ብሎ ይከራከረኛል። ዘይቱ በእርግጥ ጥሩ ነበር፣ ለመኪና። ከሁሉም የሚያናድዱኝ ግን ትንሿን ጠርሙስ «ሞተር ያለሰልሳል» ተብለው ገዝተው ዘይቱ ላይ የሚጨምሩት ናቸው። ኤም ኤ 2 የሆነውን ዘይት በገንዘባቸው ያበላሹታል።

መፍትሄው ይኸው። ዘይቱን እንደሞቀ አፍስሱ፣ ፊልትሮ ካለው ቀይሩ፣ ወንፊቱን አጽዱ። በመጽሐፉ ላይ የተጻፈውን ውፍረት፣ ጃሶ ኤም ኤ ወይም ኤም ኤ 2 የሆነውን ሙሉ። ጥቂት ቀን ነድታችሁ እንደገና አፍስሱና ሙሉ፤ አሮጌው በሸራው ውስጥና በየጥጋጥጉ ይቀራል። ብዙው እዚህ ላይ ይድናል። ካልዳነ ክፈቱት፦ ሸራው ጠቁሮ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ፣ የብረት ዲስኮቹ ሰማያዊ ከሆኑ ወይም መስታወት ላይ ሲቀመጡ ከተወላገዱ መቀየር ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መመለስ ጊዜ ማባከን ነው። አዲሱን ሸራ ደረቁን አትግጠሙ፤ በዚያው በምትሞሉት ዘይት ነክራችሁ አሳድሩት። ርካሹን ሸራም ተጠንቀቁ፤ ሙጫው ሲለቅ ፍርፋሪው ሄዶ ወንፊቱን ይደፍናል፣ ያኔ ጣጣው ከፍሪሲዮን አልፎ የዘይት ፓምፑ ጋ ይደርሳል።

ጠርሙሱን ስትገዙ ፊት ለፊት ያለውን የሞተር ሥዕል ተዉት፣ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ጃሶ የሚለው በትንሽ ሳጥን ውስጥ ይጻፋል። የኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት) ክብ ምልክት ካለና ከታች በኩል ስለ ነዳጅ ቁጠባ የሚል ጽሑፍ ከያዘ ለመኪና ነው፣ መልሱት። ክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ የተነካ ከሆነም መልሱት፤ ባዶ ጠርሙስ ገዝቶ የሚሞላ ሞልቷል። ገጠር ላይ ሌላ ጠፍቶ የናፍጣ መኪና 15 ደብሊው 40 ብቻ ከተገኘ፣ ከቀጭኑ የቤንዚን መኪና ዘይት እሱ ይሻላል፤ አብዛኛው ያን የሚያንሸራትት ኬሚካል የለበትም። ከተማ ስትገቡ ግን ቀይሩት።

ምልክት፦ ጠዋት አልነሳ ይላል፣ ከላይ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይንኳኳል

«የካምቢዮ» ብሎ የጠየቀ ሰው 90 ቁጥር የመኪና ማርሽ ዘይት ተሰጥቶት ይሆናል። የማርሽ ዘይት ቁጥር የሚሰፈረው በሌላ መስፈሪያ ነው፤ 90 ቁጥር በውፍረቱ ከ40 ወይም ከ50 የሞተር ዘይት ብዙ አይርቅም። ችግሩ ያለው ውስጡ ነው። የተሠራው ለመኪና ዲፈረንሻል ስለሆነ የሞተር እሳት አይችልም፣ ጥቀርሻ አያጥብም፣ ይጨቀያል። ሞተሩን ሳታስነሱ አፍስሱ። ርካሽ ግን ትክክለኛ ዘይት ሞልታችሁ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡት) ጥቂት አስነሱት፣ እሱንም አፍስሱ፣ ወንፊቱን አውጥታችሁ እጠቡ፣ ከዚያ ጥሩውን ሙሉ። ከርሞ የመጣ ከሆነ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት ሳታዩ አትመልሱት።

ምልክት፦ ሲሞቅ ማርሹ ይከብዳል

ዘይቱ አርጅቷል። የማርሽ ጥርሶች ዘይቱን የሚያወፍረውን ነገር ይከታትፉታል፤ 20 ደብሊው 50 ብላችሁ የሞላችሁት ቀጥኖ ይገኛል። «ገና አልጠቆረም» አትበሉኝ፣ ቀለሙ ስለ ውፍረቱ አይናገርም። ጭነት የሚያመላልስ ሞተር መጽሐፉ ከሚለው ቀድሞ ይቀየርለት።

በተቃራኒው በብርድ ዜሮ ማርሽ አልገባ ካለና የፍሪሲዮን ማንሻው ተይዞም ከተንፏቀቀ ዘይቱ ወፍሯል ወይም በዝቷል።

ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ወንዝ ያቋረጠ ወይም በግፊት ውሃ የታጠበ ነው። አታስነሱት፣ አፍስሱት።

ምልክት፦ ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ የካምቢዮ ዘይቱ ይጠፋል

እንደ ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ባሉት ላይ ካምቢዮው በእርግጥ የራሱ ዘይት አለው። እዚያ የሚገባው የሞተር ዘይት ነው፤ ለብቻው ታንከር ውስጥ የሚገባውን የቱ ስትሮክ ዘይት ካምቢዮው ውስጥ የሚጨምሩ አሉ፣ ተዉ። መሬት ላይ ጠብታ ሳይኖር ዘይቱ እየጎደለ በማርሚታው ነጭ ጭስ ከበዛ፣ በፍሪሲዮን በኩል ያለው የክራንክ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት) አርጅቶ ዘይቱን ወደ ሞተሩ እየሳበው ነው። እየጨመሩ መንዳት ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ካምቢዮውንም አንድ ቀን ያደርቀዋል። ኦይል ሲሉን ስትቀይሩ የማግኔቱንም በኩል አብራችሁ ቀይሩ፤ እሱ ሲያረጅ የሚስበው አየር ስለሆነ ጭስ አያሳያችሁም፣ ፒስቶን ነው የሚያቃጥለው።