ሌሊት ሰማዩ ክፍት መሆኑን ከሳተላይት ምስል ለማወቅ

ኮከብ ለማየት የሚወጣ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። የስልኩ ትንበያ ጥርት ያለ ሰማይ ይላል፤ ቀና ሲሉ ደመናው ግጥም ብሏል። መፍትሄ ያገኘሁት ትንበያውን ትቼ የሳተላይት ምስል በቀጥታ ማየት ስጀምር ነው። ሜቲዮሳት፣ ጎስ እና ሂማዋሪ የሚባሉት የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው አዲስ ምስል ያነሳሉ። ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያል።

ቀን ቀን ቀላል ነው፤ ደመናው ነጭ ሆኖ ይታያል። ጣጣው ሌሊት ነው። ብርሃን ስለሌለ የሚቀርበው የኢንፍራሬድ ምስል ነው፣ እሱ ደግሞ የሚያሳየው ሙቀትን ነው። ከፍ ያለ ደመና በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ ነጭ ሆኖ ቁልጭ ይላል። ዝቅ ያለ ደመናና ጭጋግ ግን ሙቀቱ ከመሬቱ ጋር ስለሚቀራረብ አይለይም። ምስሉ ላይ ምንም ሳይኖር ሰማዩ የሚዘጋው ለዚህ ነው!

ችግሩን የፈታው «ናይት ማይክሮፊዚክስ» የሚባለው ባለቀለም ምስል ነው። በ3.9 እና በ11 ማይክሮሜትር ገደማ የኢንፍራሬድ ሞገድ ርዝመት የሚነሱትን ምስሎች ልዩነት ስለሚጠቀም፣ ያ የተደበቀው ዝቅተኛ ደመና ፈዘዝ ባለ አረንጓዴ ወይም በውሃ ሰማያዊ ይወጣል። ወፍራሙ ከፍተኛ ደመና ጠቆር ያለ ቀይ ይሆናል። እኔ በጣም የወደድኩት ይህን ነው።

ከዚያ ያለፉትን ሁለት ሰዓታት ምስሎች አከታትሎ ማጫወት ነው። ደመናው ወዴት እንደሚሄድ፣ እየሳሳ ይሁን እየወፈረ ወዲያው ይታያል። ምስሉ ላይ ያለው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ስለሆነ ወደ አካባቢው ሰዓት መቀየር አይረሳ።