አልጠፋም ያለ ሌየር፦ በአውቶካድ ንድፍ ውስጥ ሌየሮችን ማስተዳደርና ማስወገድ

ከአርክቴክቱ ተነሥቶ በስትራክቸር፣ በሳኒተሪና በኤሌክትሪክ ባለሙያዎች እጅ ዞሮ የተመለሰ የአንድ ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ የአውቶካድ (የኮምፒውተር ንድፍ መሣያ ፕሮግራም) ፋይል ሲከፈት፣ ሲጀመር ሠላሳ ገደማ የነበሩት ሌየሮች (የንድፉ ዕቃዎች በዓይነታቸው ተለይተው የሚሳሉባቸው ንብርብሮች) ሁለት መቶ አልፈው ቢገኙ የሚያስገርም አይደለም። ግድግዳው ብቻውን «ዎል»፣ «ዎል1»፣ «ዎል ኒው» እና «ግድግዳ» በሚሉ አራት ስሞች ተበታትኖ ይገኛል፤ የትኛው ትክክለኛው እንደሆነ ጠይቆ መልስ የሚያገኝ የለም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ወደ ማጥፋት ነው። እኔ ማጥፋትን የመጨረሻ እርምጃ አደርገዋለሁ። አንድ ሌየር አልጠፋም ካለ በንድፉ ውስጥ የሆነ ነገር ይዞታል ማለት ስለሆነ፣ አስቀድሞ መፈለግ ያለበት ያ የያዘው ነገር ነው።

ከሁሉ በፊት መደበቅንና ማጥፋትን መለየት ያስፈልጋል። «ኤልኤ» ጽፈን ኢንተር ስንጫን በሚከፈተው የሌየር ማኔጀር ውስጥ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የአምፖል፣ የፀሐይና የጓጉንቸር ምልክቶች ይታያሉ። አምፖሉ የጠፋበት ሌየር ከዓይን ይሰወራል እንጂ ከፕሮግራሙ ስሌት አይወጣም፤ በፀሐዩ ምልክት ፍሪዝ የተደረገው (የታገደው) ግን ንድፉ እንደገና ሲሰላ ስለማይቆጠር፣ በሐች (በመሙያ ጭረት) የተሞላ ከባድ ፋይልን ለማቅለል የሚጠቅመው እርሱ ነው። ልዩነቱ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። «ኢሬዝ» (ሰርዝ) ብሎ «ኦል» (ሁሉንም) የሚል ሰው አምፖላቸውን ባጠፋባቸው ሌየሮች ላይ ያለውንም ሁሉ ሳያየው ይሰርዛል፤ ፍሪዝ የተደረገውና የተቆለፈው ግን ይተርፋል። በብሎክም (እንደ አንድ ዕቃ በተሰበሰበ ሥዕልም) ላይ እንዲሁ ነው፤ ብሎኩ የገባበት ሌየር ፍሪዝ ከተደረገ ውስጡ በሌላ ሌየር የተሳለውም መስመር አብሮ ይሰወራል፣ አምፖሉ ብቻ ከጠፋ ግን በሌላ ሌየር ያለው ክፍል እንደታየ ይቀራል። ስለዚህ «ይህን ሌየር ለጊዜው አልፈልገውም» ለሚል ሰው ፍሪዝ በቂ ነው፤ ማጥፋት አያስፈልገውም።

ወደ ማስወገዱ ስንመጣ፣ አውቶካድ በፍጹም የማያጠፋው «ዜሮ» የተባለውን ሌየር ነው። አሁን እየሠራንበት ያለው ሌየር፣ አንዳች ዕቃ ያለበት ሌየርና ከኤክስሬፍ ፋይል (ከንድፉ ጋር ከተያያዘ ሌላ የንድፍ ፋይል) የመጣ ሌየርም በተለመደው የማጥፊያ ምልክት አይሰረዙም። «ዴፍፖይንትስ» የተባለው ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ ልኬት ስናስገባ የሚፈጥረው ነው፤ ስለማይታተም፣ ሳያስተውል በእርሱ ላይ የሳለ ሰው በስክሪን የሚያየው መስመር ከወረቀቱ ላይ ለምን እንደጠፋ ሲደነቅ ይውላል።

ሥራው የሚጀመረው ፋይሉን በሌላ ስም በማስቀመጥ ነው። ቀጥሎ ዜሮ ሌየር የወቅቱ ሌየር ይደረጋል፣ ሁሉም ሌየሮች ይበራሉ፣ ከፍሪዝ ይወጣሉ፣ ቁልፋቸውም ይፈታል፤ የማይታየውን ማጽዳት አይቻልምና። የቀድሞው አቀማመጥ እንዳይጠፋ አስቀድሞ በሌየር ስቴትስ ማኔጀር ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ ይገባል። «ሌየር ፕሪቪየስ» የሚባለው ትእዛዝ የመብራትና የፍሪዝ ለውጥን ወደኋላ ይመልሳል እንጂ የጠፋን ወይም ስሙ የተለወጠን ሌየር ስለማይመልስ፣ በእርሱ ተማምኖ መቀጠል አይገባም።

ከዚህ በኋላ «ሌይዎክ» የተባለውን ትእዛዝ መክፈት ነው። በዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ሲነካ የዚያ ሌየር ዕቃዎች ብቻ በስክሪኑ ላይ ይቀራሉ፤ በቀኝ አዝራር ተጭኖ «ኢንስፔክት» ሲባል ደግሞ በተመረጠው ሌየር ላይ ስንት ዕቃ እንዳለ በቁጥር ይነግራል። ሁለት መቶ ሌየሮችን እንዲህ አንድ በአንድ ማለፍ አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው፣ ማን ምን እንደሳለም በግልጽ ያሳያል። በዚህ ጊዜ በወረቀት ላይ ጽፌ የምይዘው ሦስት ነገር ነው፤ ወደ ሌላ የሚቀላቀለውን፣ ባዶ የሆነውንና በእርግጥ መወገድ ያለበትን።

አራቱን የግድግዳ ሌየሮች አንድ ለማድረግ ተገቢው ትእዛዝ «ሌይመርጅ» ነው። ዕቃዎቹን ሁሉ ወደ መረጥነው ሌየር ያዛውርና የቀድሞዎቹን ስሞች ያስወግዳል፤ ከመስመሮቹ አንዱም አይጠፋም። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት የቀለም ጉዳይ አለ። ቀለማቸው «ባይሌየር» (እንደ ሌየሩ) የሆነ ዕቃዎች የአዲሱን ሌየር ቀለም ይወርሳሉ፤ የማተሚያ ቅንብሩ ሲቲቢ (በቀለም ላይ የተመሠረተው ዓይነት) ከሆነ ደግሞ የመስመሩን ውፍረት የሚወስነው ቀለሙ ነው። ቀይ የነበረ ቀጭን የክፍል መለያ ግድግዳ ከወፍራሙ ግድግዳ ጋር ሲቀላቀል፣ በስክሪን ላይ ትንሽ የመሰለው ለውጥ በኤ1 ወረቀት ላይ ፕላኑን ያጠቁረዋል። ስለዚህ ከመቀላቀል በፊት ቀለምና ውፍረት ይነጻጸሩ።

ባዶዎቹን ለማስወገድ «ፐርጅ» ይበቃል፤ «ፒዩ» ብሎ መጻፍ ያስከፍተዋል። ንድፉ ላይ ያልገባ ነገር ግን በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠ የብሎክ ፍቺም ሌየርን ይይዛል። ብሎኩ ካልተወገደ ሌየሩ ስለማይለቀቅ፣ የተደራረቡትን አብሮ እንዲያጸዳ «ኔስትድ» የሚለውን ሳጥን ምልክት ማድረግ፣ አለዚያም ትእዛዙን የሚወገድ እስኪያልቅ መደጋገም ያስፈልጋል። አሁንም አልለቅ ካለ፣ በሞዴል (በዋናው የመሣያ ቦታ) ውስጥ ብቻ መፈለግ ስሕተት ነው፤ ዕቃው በአንዱ ሌይአውት (ለማተም በተዘጋጀ ገጽ) ላይ ያለ የቪውፖርት (ንድፉን የሚያሳይ መስኮት) ፍሬም፣ ወይም ከንድፉ ርቆ የወደቀ ባዶ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ባዶ ጽሑፍ አይታይም፤ «ፐርጅ» ራሱ ግን ባዶ ጽሑፎችንና ርዝመት የሌላቸውን መስመሮች የሚያስወግድበት ምርጫ አለው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚቀረው «ሌይዴል» ነው። ይህ ትእዛዝ ሌየሩን በላዩ ካለው ዕቃ ሁሉ ጋር ያጠፋል፤ በብሎኮች ውስጥ ያለውንም ሳይቀር ይደመስሳል። በአንድ ወቅት «አሮጌ» የሚል ስም የያዘ ሌየር አግኝቼ፣ ስሙን አምኜ አጠፋሁት። የበሩ ብሎክ የመክፈቻ ቅስት የተሳለው በዚያው ሌየር ላይ ነበርና በአምስቱም ወለሎች ያሉ በሮች ቅስታቸውን አጡ። እኔም ያየሁት ከታተመ በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌየሩ በብሎክ ውስጥ መኖሩን ሳላረጋግጥ «ሌይዴል» አልነካም። ካለም ብሎኩን በብሎክ ኤዲተር ከፍቼ መስመሮቹን ወደ ዜሮ ሌየር አዛውራለሁ፤ በዜሮ ላይ የተሳለ የብሎክ ክፍል ብሎኩ የገባበትን ሌየር ባሕርይ ስለሚይዝ፣ የብሎክ ትክክለኛ ቦታው እርሱ ነው።

የኤክስሬፍ ሌየሮች ከፋይሉ ስም ጋር በቀጥ ያለ መስመር ተለያይተው ይታያሉ። እነዚህን ማጥፋትም ሆነ ስማቸውን መለወጥ የሚቻለው በምንጩ ፋይል ውስጥ ነው፤ ከዚህ ንድፍ እንዲወጡ ከተፈለገ ኤክስሬፉ «ዲታች» ይደረጋል (ጨርሶ ይነጠላል)። «አንሎድ» ማድረግ (ለጊዜው ማውረድ) አይበቃም፤ ግንኙነቱ ስለሚቀር። ኤክስሬፍን ወደ ንድፉ ለማዋሐድ «ባይንድ» ሲመረጥ በስሙ መካከል በሁለት የዶላር ምልክቶች የታጠረ ዜሮ ያለበት አዲስ የሌየር ሰልፍ ይፈጠራል፤ «ኢንሰርት» ሲመረጥ ግን ተመሳሳይ ስም ያላቸው በነባሮቹ ውስጥ ይገባሉ። ፋይል ውስጥ የዶላር ምልክት የሞላባቸው ስሞች ካየን፣ ቀደም ሲል አንድ ሰው የመጀመሪያውን መርጧል ማለት ነው፤ እነርሱም በ«ሌይመርጅ» ይሰበሰባሉ።

ማጽዳቱ ሲያልቅ በመጀመሪያ ያስቀመጥነውንና አዲሱን ፋይል በተመሳሳይ ቅንብር ወደ ፒዲኤፍ አትሞ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቶ ወለል በወለል ማየት ያስፈልጋል። እኔ በቅድሚያ የማየው በሮቹን ነው።