ሞተር ከታደሰ በኋላ የቫልቭ ክፍተት አስተካከል

አዲስ የታደሰ አይሱዙ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ባዶውን ሲዞር ምንም አይታወቅበትም። ጉዱ የሚወጣው ጭነት ይዞ ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በርን ሲወጣ ነው። በዚያ ዳገት ሞተሩ በከባድ ማርሽ ለረጅም ጊዜ ስለሚጎትት አስወጪው ቫልቭ ክፉኛ ይግላል። ቫልቭ አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያስረክበው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ነው። በቫልቩ ጫፍና ቫልቩን በሚገፋው ክንድ (ሮከር) መሃል ያለው ክፍተት ከጠበበ ቫልቩ አጥብቆ አይዘጋም፤ የጋለው ጋዝ በጠርዙ እየሾለከ ይበላዋል፤ ቴስታታውም (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይ ክፍል) እንደገና ይወርዳል። ስለዚህ «ድምፁ ጠፍቷል» ብሎ መኪና ማስረከብ ትልቅ ስህተት ነው። የላላ ቫልቭ ቲክ ቲክ እያለ ያስታውቃል፤ የጠበቀ ግን ዝም ብሎ ይቃጠላል።

እዚህ የምንከተለው ባለ 8 ቫልቩን የአይሱዙ 4ኤችኤፍ1 ሞተር ነው። ክፍተቱ ለአስገቢም ለአስወጪም 0.40 ሚሊሜትር ሲሆን የሚለካውም ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው። ቀዝቃዛ ማለት ሳይነሳ ያደረ ማለት ነው። ጠዋት ብርድ ስለሆነ ትንሽ አስነስቶ፣ አሙቆ መለካት ልኬቱን ያበላሻል። የቶዮታ 5ኤል ሞተር አሠራሩ ሌላ ነው፦ አስገቢው ከ0.20 እስከ 0.30፣ አስወጪው ከ0.40 እስከ 0.50 ሆኖ የሚስተካከለው ሺም (ውፍረቱ የተለካ የብረት ዝርግ) በመቀየር ነው።

መጀመሪያ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፤ ጎማው ታኮ ይደረግበት፤ ማርሹ ዜሮ ይሁን፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። የቴስታታው ቡሎኖች በመመሪያው ቅደም ተከተልና ጥብቀት መጨረሻቸውን ሳያገኙ ቫልቭ መንካት ድካም ነው፤ ቴስታታው ሲጠብቅ ክፍተቱም ሊቀየር ይችላል። ካምሻፍቱን (ሮከሮቹን በየተራ የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ) እና ሮከሮቹን ሞተር ዘይት ይቀቡ።

ሞተሩን በእጅ፣ በፑሊው ቡሎን ላይ መፍቻ አስገብተው በሥራ አቅጣጫው ብቻ ያዙሩ። በሞተሪኖ (በማስነሻው) በፍጹም አይሞክሩ። እዚህ ላይ እጅዎ የሚነግርዎትን ያዳምጡ፦ የታመቀ አየር ሲገፋ እንደ ስፕሪንግ ለስለስ ይላል፣ ታግሰው ቢይዙት ቀስ ብሎ ይለቃል። ድንጋይ የነካ ያህል ደርቆ ከቆመ ግን ፒስቶን ከቫልቭ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ቢያስገድዱት ቫልቩ ይጣመማል። ያቁሙና የታይሚንግ ምልክቶቹን እንደገና ያጣሩ።

የፑሊው ምልክት ሲገጥም 1ኛውም 4ኛውም ፒስቶን ጫፍ ላይ ናቸው። የትኛው ታምቆ እንደቆመ ለማወቅ ምልክቱ አካባቢ ሲደርስ ሮከሮቹን ይመልከቱ። የ4ኛው ሁለት ሮከሮች አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ከታዩ የታመቀው 1ኛው ነው። በዚህ ቦታ የ1ኛውን ሁለቱንም፣ የ2ኛውን አስገቢ እና የ3ኛውን አስወጪ ያስተካክሉ። ከዚያ አንድ ሙሉ ዙር አዙረው የ4ኛውን ሁለቱንም፣ የ3ኛውን አስገቢ እና የ2ኛውን አስወጪ ይሥሩ። ይህ ቅደም ተከተል የሚሠራው የማቃጠል ተራቸው 1-3-4-2 ለሆነ ሞተሮች ነው።

ቆላፊውን ዳዶ አላልተው የ0.40ውን ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካበትን ቀጭን የብረት ቅጠል) በሮከሩና በቫልቩ ጫፍ መሃል ያስገቡ፤ ብሎኑን በካቻቢቴ ያስተካክሉ። ቅጠሉ ሲሳብ ቅባት በተቀባ ወረቀት መሃል እንደሚወጣ ትንሽ መያዝ አለበት። ብሎኑን በካቻቢቴው እንደያዙ ዳዶውን ያጥብቁና እንደገና ይለኩ፤ ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት ስለሚዞር ብዙ ጊዜ ክፍተቱ ይጠብባል። ለማረጋገጫ 0.35 በነጻ መግባት፣ 0.45 እምቢ ማለት አለበት። የሮከሩ ጫፍ ጎድጉዶ ከሆነ ቅጠሉ በጉድጓዱ ላይ እንደ ድልድይ ስለሚያርፍ ልኬቱ ይዋሻል፤ ያንን ሮከር ሳይቀይሩ አይለፉ። መቀመጫው በጣም ተሞርዶ ቫልቩ ከሰመጠ ደግሞ ጫፉ ወደ ላይ ይወጣና ብሎኑ ማስተካከያ ያጣል፤ መፍትሔው ቴስታታው ላይ እንጂ ብሎኑን መሞረድ ላይ አይደለም።

ሲጨርሱ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙረው ሁሉንም አንድ በአንድ ይለኩ። ከዚያ ባትሪውን አገናኝተው ያስነሱ፤ የዘይት መብራቱ ወዲያው ካልጠፋ ያጥፉ። ስታስነሱ የጋራዡን በር ክፈቱ! በብርድ ወራት ጋራዡን ዘግቶ ሞተር ማሠራት፣ ከጎንም የከሰል ማንደጃ ማስቀመጥ ሰው ይገድላል፤ ጭሱ ባይታይም። ዕቃ የታጠበበት ቤንዚንም ከእሳት አጠገብ አይቀመጥ።

አዲስ የተሞረደ መቀመጫ ሥራ ሲጀምር ስለሚረግጥ ክፍተቱ ይጠብባል። ወደ 1000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ፣ ማለትም ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት አምስት ደርሶ መልስ ያህል ሲሄድ፣ እንደገና ያደረ ሞተር ላይ ይለኩ። የ8ቱንም ቁጥር ደብተር ላይ ይጻፉ። ሁሉም እኩል ትንሽ ጠብበው ከሆነ መልሶ ማስተካከል ይበቃል። አንዱ ብቻ ወደ 0.20 ወርዶ ከተገኘ ግን መቀመጫው በትክክል አልተሞረደም ይሆናል፤ ኮምፕሬሽኑን (የሲሊንደሩን የማመቅ ግፊት) ሳይለኩ መኪናውን ዳገት አይላኩት።