ከሩቅ የጦር ኃይል ሬዲዮ ጣቢያ የማረጋገጫ ካርድ እንዴት ይገኛል?

የአጭር ሞገድ አድማጮች «ኪውኤስኤል» የሚሉት ካርድ አለ። አንድን ጣቢያ ሰምታችሁ ሪፖርት ትልካላችሁ፤ ጣቢያውም «አዎ፣ የሰማችሁት እኛን ነው» ብሎ ካርድ ይመልስላችኋል። ዜናና ሙዚቃ የሚያሰራጩ ጣቢያዎች አድማጭ ስለሚፈልጉ በደስታ ይልካሉ። የጦር ኃይል ጣቢያ ግን ጉዳዩ ከአውሮፕላኑና ከመርከቡ ጋር ነው፤ እናንተን አልጠራችሁም። ካርዱን ማግኘት አለማግኘታችሁን በአብዛኛው የሚወስነው በደብዳቤው ውስጥ ሳትጽፉ የምታስቀሩት ነገር ነው።

1. ሕጉን አጣሩ

በአንዳንድ አገሮች ለሕዝብ ያልተላለፈ ግንኙነትን ማዳመጥ ራሱ ክልክል ነው። በአሜሪካ ደግሞ የእንዲህ ያለውን መልእክት ይዘት ለሌላ ማውጣት በሕግ ያስጠይቃል። የምትኖሩበትን አገር ሕግ ሳታዩ ሬዲዮውን አትክፈቱ።

2. ሬዲዮና አንቴና

ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ የሚቀበልና ኤስኤስቢ (ድምፅን በሞገዱ አንድ ጎን ብቻ የመላክ ዘዴ) ያለው ሬዲዮ ያስፈልጋል። ኤስኤስቢ ከሌለው ድምፁ እንደ ዳክዬ ጩኸት ሆኖ ይመጣል፣ አንድ ቃል አይያዝም። ጥቂት ሜትር ሽቦ ከኤሌክትሪክ ዕቃዎች ራቅ አድርጎ ውጭ መዘርጋት ለጀማሪ ይበቃል። ማታ ማታ ዝቅ ያሉትን ድግግሞሾች፣ ቀን ከፍ ያሉትን ሞክሩ።

3. ጣቢያ መምረጥ

የአሜሪካ አየር ኃይል ዓለም አቀፍ መረብ በ4724፣ በ8992፣ በ11175 እና በ15016 ኪሎኸርዝ ላይ ይሠራል፤ ሁሉም ዩኤስቢ ነው፤ ማለትም የላይኛውን ጎን የሚጠቀም ኤስኤስቢ። በደቡብ አትላንቲክ ካለችው አሴንሽን ደሴት፣ ከጉዋምና ከሌሎችም ቦታዎች ያስተላልፋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማሰራጫው ደሴት ላይ ቢሆንም ማይክሮፎኑን የያዘው ሰው ሌላ አህጉር ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው የት እንደሚሄድ ከመወሰናችሁ በፊት ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ማን እንደሆነ አጣሩ።

ከሁሉ የሚቀለው ጊዜ ግንቦት ነው። በአሜሪካ የጦር ኃይሎች ቀን ሰሞን ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ የሬዲዮ ሙከራ አለ። የጦር ጣቢያዎቹ በራሳቸው ድግግሞሽ ይጣራሉ፣ አማተሮች፣ ማለትም ፈቃድ ያላቸው የግል ሬዲዮ ወዳዶች፣ በአማተር ድግግሞሽ ይመልሱላቸዋል። በዚያን ቀን ካርድ መላክ የፕሮግራሙ አካል ስለሆነ፣ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ በር የለም።

4. ማስታወሻ መያዝ

ቀኑን፣ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት)፣ ድግግሞሹንና የጥሪ ስሙን እዚያው እየሰማችሁ ጻፉ፤ «ኋላ አስታውሰዋለሁ» አይሠራም። የአቀባበሉን ጥራት በሲንፖ ስጡ፦ የምልክቱ ጉልበት፣ የሌላ ጣቢያ ጣልቃ ገብነት፣ ጫጫታ፣ የሞገዱ መዋዠቅና አጠቃላይ ውጤት፣ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5። 5 ጥሩ ነው። ሁሉንም ነገር 55555 ብሎ የሚጽፍን ሰው ማንም አያምነውም።

5. ሪፖርቱ

አንድ ምሳሌ እንይ፦

«11175 ኪሎኸርዝ፣ ዩኤስቢ፣ 1842 ዩቲሲ። አንድ አውሮፕላን ‹ሜይንሴይል› ብሎ ጠራ። የምድር ጣቢያው መለሰለት፣ የሬዲዮ ፍተሻ አደረጉ። ሲንፖ 35333።»

ይኸው ነው። «ሜይንሴይል» በዚህ መረብ ላይ የትኛውም የምድር ጣቢያ እንዲመልስ የሚደረግ ጥሪ ነው፤ ግንኙነቱን በትክክል መስማታችሁን ያሳያል፣ ምስጢር ግን አያወጣም። በዚሁ መረብ ላይ ረዣዥም የፊደልና የቁጥር መልእክቶች ይነበባሉ። እነሱን ገልብጣችሁ አትላኩ። ጎበዝ አድማጭ መሆናችሁን ለማሳየት ብላችሁ አንዲት መስመር ብትጨምሩ፣ ደብዳቤው ከሕዝብ ግንኙነት ክፍል ወጥቶ ወደ ጥበቃ ክፍል ይዞራል። ካርዱንም እርሱት።

በኢንተርኔት በሌላ ሰው ሬዲዮ የሰማችሁትንም በራሳችሁ አንቴና እንደያዛችሁት አድርጋችሁ አትጻፉ። ነውር ነው።

6. ካርዱን ራሳችሁ አዘጋጁ

ብዙዎቹ የጦር ጣቢያዎች የታተመ ካርድ የላቸውም። ስለዚህ ካርዱን እናንተው አትሙት፦ የጣቢያው ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ድግግሞሹ፣ ከዚያ ለፊርማና ለማኅተም ክፍት ቦታ። የሚቀበላችሁ ሰው ሥራ የበዛበት መኮንን ነው። ሥራው ሁሉ መፈረምና ማኅተም መምታት ብቻ ከሆነ አይሰንፍም። አድራሻችሁ የተጻፈበት ፖስታ ጨምሩበት። የመመለሻ ቴምብር ግን የሚሠራው የዚያው አገር ከሆነ ብቻ ነው።

7. መጠበቅ

ወራት ሊፈጅ ይችላል። ዝም ካሉ አንድ ጊዜ በትሕትና አስታውሱ፣ ከዚያ ተዉት። አንዳንዱ ቢሮ «ማረጋገጥ አንችልም» የሚል ደብዳቤ ይመልሳል። አትጣሉት፤ የጦር ሠፈሩ ስም በራስጌው ላይ ያለበት ወረቀት በአልበሙ ውስጥ ቦታ አያጣም።